ርዕስ የሌለው ዝርዝር

አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህር ውብሸት፤

ጎሬ በደህና መግባትህን የነገረኝ ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ተመስገን። ሁለት ስሕተት አግኝቼበት በቀይ አርሜዋለሁ፤ ወረቀቱን መልሼ ልኬልሃለሁና እየው። የተማሪ ደብተር የሚያርም ሰው አራት ነጥብ ሲዘል አያምርበትም። ጤናዬን ጠይቀሃል። ጉልበቴ ደረጃ ጠልቷል፤ ዓይኔ ግን ዛሬም መርፌ ላይ ክር ያስገባል።

ቡድንህን ልጠብቅልህ እንደሆነም ጠይቀሃል። እጠብቅልሃለሁ። እየተጸየፍኩ እጠብቅልሃለሁ።

ይህን የወረቀት ኳስ የምትሉትን ነገር ያመጣኸው አንተ ነህ። ክረምቱን በረንዳዬ ሥር ካለው ከጠሃ ስፌት ቤት ተቀምጠህ ሕግ ስታወጣ ከላይ እሰማ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ከከተማው ቡድኖች ሁሉ አሥራ አንድ ተጫዋች መርጦ በወረቀት ላይ የራሱን ቡድን ያቆማል። እሑድ የመረጠው ሰው ግብ ካገባ ሦስት ነጥብ ይቆጠርለታል፣ በረኛው ካልተቆጠረበት ሁለት፣ ከሜዳ የተባረረበት ሁለት ይቀነስበታል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው ሰኞ ጠዋት ደጁን ይጠርጋል። ይህን ሁሉ ደነገግህና ወደ ጎሬ ተዛወርክ። ነገሩ እዚሁ እኔ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ያዩትን መናገር ነውር ካልሆነ ልንገርህ። ፍራሽ ሰፊው አበራ የሰባት ልጆች አባት ነው። እሑድ ከሰዓት ሬዲዮው ጨዋታ ሲያስተላልፍ፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት ለማያውቅ ተጫዋች እግር ሲል ይንቀጠቀጣል። ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ሲጮኽ አረንጓዴ ምራቁ ደረጃዬ ላይ ይረጫል። ጫማ ሻጩ ቦጋለ ባለፈው ሳምንት ተሸንፎ የሰው እናት ሰደበ። ደረጃውን በሳሙና አጠብኩት፤ ስድቡን ግን በምን ላጥበው?

ዳኛ ያደረጉኝ እንዲህ ነው። የአንዱን ጽሕፈት ሌላው ማንበብ አቃተውና፣ ውጤት ከታወቀ በኋላ ስም ለውጠሃል እየተባባሉ አንገት ለአንገት ተያያዙ። ጠሃ ወደ ላይ ወጥቶ፣ እርስዎ ካልገቡበት ልንፋጅ ነው አለኝ። እሺ ያልኩት በሦስት ነገር ነው። ወረቀቱ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይግባ፤ እኔ በንጹሕ እገለብጠዋለሁ። የተሳደበ ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል። ሦስተኛው አንተን ያሳቀህ ነው፤ ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት የመዳም ካልዮፒን ትምህርት ይሰማሉ።

መዳም ካልዮፒ ልጅ ሳለሁ ያስተማረችን የግሪክ ሴት ናት። ጣታችንን በማስመሪያ እየመታች ኢስጦኢኮች ስለሚባሉት የጥንት ፈላስፎች ነግራናለች። ነገር ሁሉ ሁለት ወገን ነው፣ በእጃችን ያለና በእጃችን የሌለ፤ ባለው መትጋት ነው፣ በሌለው አለመናወጥ። እኔም ለእነዚህ ሰዎች በቋንቋቸው ነገርኳቸው። መምረጥ የእናንተ ነው፤ የሳሙና ፋብሪካው አጥቂ የጥጋቡ ቁርጭምጭሚት ግን የእናንተ አይደለም። ስለ ምርጫችሁ አስቡ፣ ለቁርጭምጭሚቱ አትጩኹ።

የገባው ጠሃ ብቻ ነው። ጥጋቡ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት ሁሉም ተነሥቶ ሲራገም፣ ጠሃ የያዘውን ሱሪ መስፋቱን ቀጠለ። ምን ይሰማሃል ብዬ ስጠይቀው፣ መርጬዋለሁ፣ የእኔ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ አለኝ። ከወሎ መጥቶ በዚህ ባለፈው ክረምት በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ልብስ ሰፊ፣ ኮሌጅ ከገባችሁት በለጠ።

በወረቀቱ አናት ላይ «የወረቀት ኳስ» ብዬ እንድጽፍ ያቀረብከውን ሐሳብ አልቀበልም። በእኔ እጅ ያ ቃል አይጻፍም። ስም በግራ፣ ነጥብ በቀኝ፣ የቡድኑ የመጀመሪያ ፊደል በቅንፍ። በቂ ነው።

የቀበሌው ድምፅ ማጉያ አሁን መጮኽ ጀመረ። ቢሮው ለደጄ ቅርብ ስለሆነ የስብሰባው ጥሪ ከሐሳቤ ጋር ይደባለቃል። እዚህ ላይ ላቁም።

አራት ነጥብህን አትርሳ።
በለጥሻቸው


ጎሬ
ጥቅምት 26 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በለጥሻቸው፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ምሕረት ያውርድልዎት። የታረመው ደብዳቤዬ ደርሶኛል፤ ለባለቤቴ ለወርቅዬ ሳሳያት ሳቋ ሊገድላት ነበር። በዚህኛው አራት ነጥብ አብዝቼ አስገብቻለሁ፤ ከተረፈ በቀይ ምልክት አድርገው ይመልሱልኝ።

እዚህ ዝናቡ አያባራም። ሬዲዮ የሚሰማው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ። ባለፈው ጥጋቡ ሲያገባ ብቻዬን ጮኼ ላሞቹን አስደነገጥኩ። ከእርስዎ ስሰውረው ስላልወደድኩ ነው የምነግርዎት፤ ሁለት ነጥብ ይቀንሱብኝ።

ለተማሪዎቼም ስለ ኢስጦኢኮች ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ ተነሥቶ፣ እንግዲያው ፈተና መውደቅ በእጃችን ካልሆነ ለምን ይመቱናል አለኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር?

ቡድኔ እንዳለ ይቆይልኝ፤ በረኛውን ብቻ በጋራዡ በረኛ ይለውጡልኝ። ጠሃን ካፖርቴን አደራ ይበሉልኝ። ልኬን ወስዶ ግራ እጅጌው ብቻ ቀርቶት ነበር። ብርዱ እዚህ አጥንት ይገባል። ሾፌሩ ፋንታዬ ቡና ሊጭን በየሦስት ሳምንቱ ወደዚህ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ቢልክልኝ ይደርሰኛል። ለጠሃም ለባለቤቱ ለካሚላም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ሁልጊዜም ተማሪዎ
ውብሸት


አዲስ አበባ
ሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለመምህር ውብሸት፤

ለምን ጠሃ ለሰላምታዬ መልስ አልላከም፣ ካፖርቱስ ምን ደረሰ ብለህ በሁለት ደብዳቤ ጠይቀኸኛል። ጠሃ ታሟል። ተኝቷል። የተኛበት ቤት ጠያቂ አይፈቀድም፤ ካሚላ ምግብ በር ላይ አስረክባ ትመለሳለች። ስለ ሕመሙ በፖስታ መጻፍ አልወድም። ፋንታዬ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አንተ ይወጣል።

ይህን አጭር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። በሕይወቴ ሙሉ ተማሪን ስለ ዋሸ ስቀጣ ኖሬያለሁ።

ቡድንህ ስድስት ነጥብ አገኘ። ይህን መጻፌ ራሱ ያቅለሸልሸኛል።

በለጥሻቸው


አዲስ አበባ
ሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን 1972 ዓ.ም.
በፋንታዬ እጅ

ለመምህር ውብሸት፤

ይህ በሰው እጅ ስለሚመጣ እውነቱን እጽፋለሁ። ጠሃ አልታመመም። ከኅዳር 3 ጀምሮ ቀበሌያችን ውስጥ ታስሯል።

ያን ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች የተደበቀ አቡጀዲ እንፈልጋለን ብለው ሱቅ ለሱቅ ይፈትሹ ነበር። ጠሃ ዘንድ አቡጀዲ አላገኙም። የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሲከፍቱ ግን የስድስት ሳምንት ወረቀት ተጣጥፎ አገኙ። አንተም በእነሱ ዓይን እየው። ስድስት ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ ላይ አሥራ አንድ የሰው ስም አለ። ከስሙ ጎን በቅንፍ አንድ ፊደል፣ በስተቀኝ ቁጥር። አንዳንዱ ስም በቀጭን መስመር ተሰርዞ በላዩ ሌላ ተተክቷል። አናቱ ላይ ምንም የለም። ይህ ምንድን ነው ሲሉት ኳስ ነው አላቸው። ሳቁበት። ከአምስት ቡድን የተውጣጣ አሥራ አንድ ሰው የት ሜዳ ላይ ነው የሚጫወተው? እነዚህ የተሰረዙት ሰዎች የት ገቡ? ቁጥሩ የመሣሪያ ነው ወይስ የሰው? ወረቀቱ የተጻፈበትን ጥንቃቄ ባዩ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ከበደባቸው። እያንዳንዱን ወረቀት የአንድ ምሥጢራዊ ቡድን አባላት ዝርዝር አድርገው ወሰዱት።

አየኸው? የአበራ የተወላገደ ጽሕፈት ቢሆን፣ ከነዘይቱና ከነስድቡ፣ ሕፃን እንኳ ጨዋታ መሆኑን ያውቅ ነበር። ያጠፋው ንጽሕናው ነው። አናቱ ላይ ሁለት ቃል ቢኖር ሰውየው ዛሬ ከስፌት መኪናው ፊት ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ርዕስ ላልጻፈ ተማሪ ነጥብ ስቀንስ ኖሬ፣ ተጸይፌ የተውኩት ርዕስ ሰው አሳሰረ።

በማግሥቱ አበራንና ቦጋለን በረንዳዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። አብረን እንሂድ፣ የየራሳችሁን ወረቀት ይዛችሁ ጨዋታ ነው ብላችሁ መስክሩ አልኳቸው። አበራ ጫቱን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩን» አለኝ። «ይሄ ከእጃችን ውጭ ነው።»

ቦጋለም ራሱን ነቀነቀ። «ጠሃ ቻይ ነው። ኢስጦኢክ ማለት እሱ ነው።»

መዳም ካልዮፒ ማስመሪያዋን ሰብራ የምታለቅስበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ለኳስ ጩኸት መድኃኒት ይሆናል ብዬ የሰጠኋቸውን ትምህርት የፈሪ ብርድ ልብስ አደረጉት። ተከናነቡት፤ ሞቃቸውም። ቃሉን አበላሽተው ቢጠቀሙበት እንኳ አርም ነበር። አላበላሹትም። ቃል በቃል እንዳስተማርኳቸው መለሱልኝ። ወንበሩን ለእነሱ ትቼ ገባሁና በሬን ዘጋሁ።

ሁለት እሑድ ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው ሰሙ። ትናንት በሦስተኛው እስከ ጥግ ከፈቱት። በጠሃ ባዶ ወንበር ላይ ቦጋለ ተቀምጦ፣ ጎል ሲባል ሠፈሩ ተናወጠ። እኔንም ከዚህ አታውጣኝ። ቅዳሜ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፣ ተቀብዬ ገለበጥኩላቸው። ድንገት ብናቆም ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ይጠይቃል ብዬ ነው። ምክንያቱ ሲጻፍ ከአበራው የተሻለ አይመስልም።

አንተ ግን የመንግሥት መምህር ነህ፣ ጨዋታውንም የመሠረትከው አንተ ነህ። ሕጉን ዘርዝረህ፣ ስምህን ፈርመህ አንድ ገጽ ጻፍልኝና ይዤላቸው ልሂድ። ፋንታዬ ከመመለሱ በፊት ቁርጡን አሳውቀኝ።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም።

በለጥሻቸው


ጎሬ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.
በፋንታዬ እጅ

ለተከበሩ እትዬ በለጥሻቸው፤

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጠሃን እንደ ወንድሜ ነው የማየው። ይህን ሌላ ሰው ባይነግርዎትም እርስዎ ያውቁታል።

እትዬ፣ እኔ ወደ ጎሬ የመጣሁት ወድጄ እንዳልሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በ1970 ስሜ አንድ ቦታ ተነሥቶ ነበር። የዘመድ ሰው ነገሩን አለዝቦ ዝውውር አደረገልኝ። አሁን በእኔ ፊርማ የሰው ስም ስለተዘረዘረበት ወረቀት የሚያስረዳ ገጽ ቀበሌ ቢገባ፣ ጠሃን ሳያወጣ እኔን ይጨምረኛል። ወርቅዬ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

እርስዎ ራስዎ እንዳስተማሩን በእጃችን ያለውን ከሌለው መለየት ነው። የቀበሌው ውሳኔ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው መታገሥና ራስን አለመጣል ይመስለኛል። ጠሃ ጠንካራ ነው። ምንም እንዳላገኙበት ሲያውቁ ይለቁታል።

እባክዎን የቀሩትን ወረቀቶች ያቃጥሏቸው። ይህንንም ደብዳቤ ጭምር። ጨዋታውን ማን ጀመረ የሚል ጥያቄ ከተነሣ ስሜ ባይነሣ ደስ ይለኛል። እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎት።

ልጅዎ
ውብሸት


አዲስ አበባ
ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1972 ዓ.ም.
በፋንታዬ እጅ

ለውብሸት፤

ደብዳቤህን አላቃጠልኩም። ስሕተት አልነበረበትም። አራት ነጥቡ ሁሉ ቦታው ላይ ነው። እንዲህ የጸዳ ጽሑፍ ጽፈህልኝ አታውቅም፣ እንዲህ ያስጠላኝም የለም።

ፈርተሃል። ፍርሃትህን አልንቅም፤ ወርቅዬንም ሆዷንም አስባለሁ። ፈርቻለሁ ብለህ ብትተው እንደ እናት እቀበልህ ነበር። አንተ ግን ቀጥለህ ፍርሃትህን የመዳም ካልዮፒን ካባ አለበስከው። አበራ ያለው ይህንኑ ነው። እሱ ግን ጫት በጉንጩ ይዞ ስለተናገረው ቢያንስ አያታልልም።

ያን ጊዜ ያልጻፍኩትን አሁን ልጻፈው። ማንንም የመቆጣት መብት እንደሌለኝ እንድታውቅ ነው።

ጠሃ በተያዘ በአምስተኛው ቀን ካሚላ ከበርበሬ በረንዳ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ነጠላዋ በርበሬ በርበሬ ይላል። አስነጠሰኝ። አስነጥሼ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ። ምግብ ስታቀብል ዘበኛው የነገራትን ነገረችኝ። ጠሃ ገና ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ እጁን አጽፈው አይተውታል። ወረቀቱ የእሱ ጽሕፈት እንዳልሆነ ያውቃሉ። አሁን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ጽሕፈት የማን ነው? እሱም አላውቅም ይላል። ደብድበውታል። አላውቅም ይላል።

ካሚላ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ነበር። ቀለም አለባቸው፤ ሁልጊዜም አለባቸው።

«እትዬ፣ እሱ አይናገርም» አለችኝ። «እኔም አልናገርም።»

ሄጄ የእኔ ነው እንድል አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እኔም ሌላውን ሁሉ ለአንተ ስጽፍ ይህን አንዱን ዘለልኩት። የእነአበራን ፍርሃት ሁለት ገጽ ሙሉ አስጠላኝ ብዬ ጻፍኩ። የራሴን ግን በአንድ መስመር ሸፈንኩት፤ ሌላም አንድ ነገር አለ ብዬ። የሳቱት ተማሪዎቼ አይደሉም። ትምህርቱን በትክክል ተምረውታል፤ ከእኔ ተምረውታል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው ማለት በእጄ ነበር። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ በእጄ የሆነ ነገር የለም፤ የተጻፈው በእጄ ነውና።

ነገ እሄዳለሁ። አርባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከዚያ ያለው የእኔ አይደለም፤ ያን ጊዜ ኢስጦኢክ እሆናለሁ፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ስምህ ከአፌ አይወጣም። ወርቅዬን ሳምልኝ።

በለጥሻቸው


አዲስ አበባ
ሐሙስ፣ ጥር 8 ቀን 1972 ዓ.ም.
በፋንታዬ እጅ

ለውብሸት፤

ጠሃ ምን ሆነ፣ እርስዎስ ምን ደረሰብዎ እያልክ በላይ በላዩ የላክኸው ሁሉ ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ቂም ይዤ አይደለም፤ መጨረሻው እስኪታወቅ ነው። ጠሃ ከትናንት በስቲያ ተፈትቷል። እኔም ደህና ነኝ። አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርህና አብረን እንጸየፈው።

ረቡዕ ዕለት የቀረውን ወረቀት ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ያኖረበት ቦታ ሁሉ ክብ ክብ ሠርቷል፣ ጠርጎትም አያውቅም። እማማ፣ ምን ልርዳዎት አለኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ጽሕፈት የእኔ ነው አልኩት። ሊያምነኝ አልቻለም። ብዕር ያምጡና ያስጽፉኝ አልኩት፤ አሥራ አንዱን ስም በቃሌ ጻፍኩለት። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሕጉን አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ ግብ ሦስት፣ በረኛ ሁለት፣ ስድብ ሁለት ይቀነሳል። ማን ጀመረው አለኝ። እኔ አልኩት። ዋሸሁልህ።

«ታዲያ አናቱ ላይ ኳስ ነው ብለው ለምን አልጻፉም?» አለኝ።

«ስለማፍርበት» አልኩት።

ሳቀ። ሰው ሲደበደብበት በሰነበተ ቤት ውስጥ፣ አፉን ከፍቶ ሳቀ። ጥርሱን ሁሉ አየሁት።

ማስረጃ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ሁላችንም ወረቀት እናስገባ፣ እርስዎም አንድ ቡድን ይምረጡ፣ ሁሉም በእርስዎ መሳቢያ ይቆለፍ፣ እሑድ ሬዲዮውን ሰምተን ሰኞ በሕጉ እንቁጠር፤ ቁጥሩ ከገጠመ ጨዋታ ነው አልኩት። ተስማማ። አበራና ቦጋለም ወረቀታቸውን ሰጡ። እኔ በራሴ ላይ መስክሬ ስለነበር አሁን ነገሩ በእጃቸው ገባላቸው። ሰኞ ተቆጠረ። ቁጥሩ ሁሉ ገጠመ። ዘበኞቹ እንኳ ገባቸው። ጠሃ በዚያው ቀን መውጣት ነበረበት።

ሊቀመንበሩ ግን በአራት ነጥብ ተሸንፎ መጨረሻ ወጥቶ ነበር። ወረቀቶቹን አገላበጠና፣ አንድ ሳምንት ማስረጃ አይሆንም፣ ይደገም አለ። ተደገመ። በሁለተኛውም ተሸነፈ። እንደገና ይታይ አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ማስረጃ አይደለም የሚፈልገው፤ ማሸነፍ ነው። ጠሃ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ፣ የሳሙና ፋብሪካው በረኛ ስለተቆጠረበት ሰው አላስወጣም። በዚያ ቢሮ በር ላይ ቆሜ የተሰማኝን መጸየፍ የምጽፍበት ቃል የለኝም፤ ቃል አጥቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ብቻውን ሳገኘው፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ቡድን ላሳይዎት አልኩት። የጠሃን አሥራ አንድ ሰዎች ሰጠሁት። ከታሰረ ጀምሮ ማንም ስላልነካካው ነጥቡን ለራሴ እይዝለት ነበር፤ ከሁላችሁም ይበልጣል። ሊቀመንበሩ በራሱ እጅ ገለበጠው። እንዲህ ዳኛ ሆኜ ሳለሁ በጨዋታው ውስጥ እጄን አስገባሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው በእጄ አልነበረም።

ውብሸት፣ እሑድ ከሰዓት ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ። ወደ ስፌት ቤቱ ወርጄ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጥኩ። በአበራ ምራቅና በቦጋለ የላብ ሽታ መካከል። ጥጋቡ ኳስ ይዞ ሲሄድ በሰማሁ ቁጥር በትሬን ጨብጬ ወደ ሬዲዮው እጠጋለሁ። መዳም ካልዮፒን አሰብኩ፣ ነገር ሁለት ወገን ነው አልኩ ለራሴ፤ ቁርጭምጭሚቱ የእኔ አይደለም አልኩ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ አገባ። ብድግ ብዬ ጮኽኩ። ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። አበራ ደንግጦ ጫቱን ዋጠው። ከእረፍት በኋላ ሁለተኛውን ሲያገባ ደግሜ ጮኽኩ፣ ድምፄ እስከ ማታ ተዘግቶ ቀረ። ሁለት ነጥብ በራሴ ላይ ቀንሻለሁ፤ መዝገቡ ላይ ታገኘዋለህ።

ሰኞ ሊቀመንበሩ አንደኛ ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ጠሃን ለቀቁት። አሁን ሊቀመንበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀቱን በዘበኛ ይልክልኛል። በእያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ በጉልህ «የወረቀት ኳስ» ብዬ እጽፋለሁ። እየጻፍኩ እጸየፋለሁ፤ እጽፋለሁ ግን።

ጠሃ ከስቷል፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ወንዶቹ ከበውት፣ እንደ ኢስጦኢክ ቻልከው እያሉ ትከሻውን መቱት። እሱ ግን መኪናው ፊት ተቀመጠና መጀመሪያ ያነሣው የአንተን ካፖርት ነው። የማይታጠፉትን ጣቶቹን ወደ ጎን ይዞ ግራ እጅጌውን ገጠመልህ። ፋንታዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሃል። ልክህን ማንንም አልጠየቀም፤ ያስታውሰዋል። ስለ አንተም አንድ ቃል አላወጣም፣ እኔም አላወጣሁም። እንግዲህ ልበሰው።

እኔ ከላይ ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀሁት ነበረኝ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ርዕስም ነበረው። ከመጀመሬ በፊት ክሩን በጥርሱ በጥሶ ቀና አለ።

«እሑድ እሑድ ጎል ሲሉ እሰማ ነበር፣ እትዬ» አለኝ። «ከሦስተኛው እሑድ ጀምሮ። በመጨረሻው የእርስዎንም ድምፅ ሰማሁ። ለካ ቅርብ ነው።»

እንደ መውቀስም አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነው፣ ልክ ነገረኝ።

ዛሬ ጠዋት በትሬን ይዤ ከደጄ እስከ ቀበሌው በር ድረስ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። በእኔ ጉልበት፣ በየመሐሉ እየቆምኩ። አርባ ሦስት ቀን የፈጀብኝ መንገድ ይህ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ስመለስም ቆጠርኩ።

ሁለት መቶ አርባ ነው።

በለጥሻቸው